አንድ ሚሊዮን አንድ

የከድጃ ይመር እናት በተቀበረች በሦስተኛው ቀን የቅሬው አካፋይ ጋሽ እንድሪስ ጥቁር ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በኮምቦልቻ እያንዳንዱ ቅሬ ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት እንዳለው ሁሉ አንድ አካፋይም አለው። የአካፋይ ሥራ የቤቱን ቁጥር በሟቹ ቁጥር ማካፈል ነው። የነዋሪዎች ቢሮ መሣሪያ ይህን ለመሥራት ጊዜ አይፈጅበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በመሣሪያ ነበር የሚካፈለው። ሰው ግን ቅር አለው። ለቀስተኛው ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ ሟቹ ከቤቱ ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ በእጅ ይሁን ተባለ፤ በጠመኔ፣ በሰሌዳ፣ ሰው እየሰማ።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር አለው። ይህን ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር ብቸኛ ይሉታል። የቤት ቁጥር ደግሞ በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ነው። ልጅ ሲወለድ ይባዛል፤ ሰው ሲሞት ይካፈላል። እናቷ 1,000,001 ነበረች። ከድጃ 1,000,033 ናት። ቤቱ 1,000,034,000,033 ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጥሩን ከዳር እስከ ዳር ጻፉት።

«በአንድ ሚሊዮን አንድ» አሉ።

«በአንድ ሚሊዮን አንድ» ብሎ ለቀስተኛው ተቀበለ።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት አሃዞች አንድ ጊዜ ደረሱ፤ ሠላሳ ሦስት ቀረ። ጋሽ እንድሪስ ቀጣዩን ዜሮ አወረዱ። ሦስት መቶ ሠላሳ ለሚሊዮን አይደርስም። «ዜሮ» አሉ። «ዜሮ» አለ ሰው። ሌላ ዜሮ አወረዱ። «ዜሮ።» ሌላ። «ዜሮ።» ሴቶቹ ማልቀስ የጀመሩት ሦስተኛው ላይ ነበር፤ ዜሮ ሲደጋገም ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ከአራተኛው በኋላ አንድ ሦስት ወጣ፤ ከዚያም ሌላ ሦስት።

«ቀሪ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«የለም!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ከሰሌዳው ግርጌ 1,000,033 ተጽፎ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከከድጃ በቀር ሰው የለም ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ የሆነ ቤት በአርባ ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ነዋሪው ወደ ነጠላዎች ሕንፃ ይዛወራል።

ከድጃ ሕንፃውን ታውቀዋለች። የክር ፋብሪካ ባልደረባዋ አምና ገብታበት ልትጠይቃት ሄዳ ነበር። ዘጠነኛ ፎቅ ነው። አልጋው ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ መስኮቱ ሌላ መስኮት ያያል። ባልደረባዋ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለች አስጎበኘቻት። ለማስጎብኘት ሦስት እርምጃ በቃ።

የከድጃ ቤት ሁለት ክፍልና ጠባብ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ አባቷ የተከለው ዘይቱን አለ፤ ፍሬው ሲበስል ሽታው መንገዱ ድረስ ይሄዳል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ይጠገናል ሲባል አርባ ዓመት የኖረ የቁም ሳጥን በር አለ። እናቷ በሩን የምትዘጋው እጇ ስለማይተርፍ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ነበር። ጉልበቷ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ በክብ ለቅቋል። ክቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እናቷ እያረጀች ስታጥር።

የኀዘኑ ሰው ከሄደ በኋላ ከድጃ ወጥ ቤት ገብታ ያን ክብ በመዳፏ ሸፈነችው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት አድራ የምታውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው።

*

እናቷ ያን ቁጥር እንዴት እንዳገኘች ከድጃ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምታለች። አባትና እናቷ እየተነጣጠቁ ነበር የሚያወሩት።

ዘመኑ 2031 ዓ.ም. ነበር። ምዝገባው ለሙከራ የተጀመረው ኮምቦልቻ ላይ ነው። እናቷ ዘምዘም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቲማቲም ገዝታ ስትመለስ ረጅም ሰልፍ አየችና ዘይት መጣ ብላ ከጭራው ቆመች። በዚያ ዘመን ሰው ሰልፍ ሲያይ መጀመሪያ ይቆማል፤ የምን እንደሆነ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው።

«የምን ሰልፍ ነው?» አለችው ከፊቷ የነበረውን ወጣት።

«ቁጥር ይሰጣሉ አሉ።»

«የምን ቁጥር?»

«እንጃ። እኔም ዘይት መስሎኝ ነው።»

ረፋድ ላይ መዝጋቢዎቹ መጥተው ጠረጴዛቸውን በተሳሳተው ጫፍ ዘረጉ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ጠረጴዛው ግን አልተነሣም። ሰልፉ ባለበት ዞረና የመጨረሻዋ ሴት የመጀመሪያ ሆነች። መሣሪያው የዘምዘምን አውራ ጣት እስኪያነብ ስድስት ሰዓት ሆነ። 1,000,001 ብለው ጻፏትና ምሳ ሄዱ። ምሳ ላይ ሳሉ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ፤ ከእንግዲህ የሚሰጠው ብቸኛ ቁጥር ብቻ ነው ተባለ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ 1,000,002 ተዘለለና ወጣቱ 1,000,003 ሆነ። ቀጣዩ 1,000,033 ነበር። የእሱ ባለተራ ግን ሙዝ ልገዛ ብሎ እንደሄደ አልተመለሰም፤ ቁጥሩ ባለቤት አጥቶ ቀረ።

ወጣቱ ይመር ነበር። «ከኋላዬ መጥታ ቀደመችኝ» ይላል ለሰው ሁሉ። «በእኔና በእሷ መካከል ያለው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱንም ለማንም አልሰጡትም።» ከአሥር ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ሲወልዱ ቢሮ ሄዶ የሙዙን ሰውዬ ቁጥር ለመነላት። ከድጃ ልጅ ሳለች ያ ሰውዬ አንድ ቀን ልጣጩን እንደያዘ መጥቶ ቁጥሬን መልሺ የሚላት ይመስላት ነበር።

የሦስታቸው ቤት 1,000,037,000,135,000,099 ነበር። እናቷ ይህን ቁጥር በቃሏ ትለው ነበር፤ ልብስ ስታሰጣ፣ ሽንኩርት ስትልጥ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይመር ሲሞት ጋሽ እንድሪስ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት አካፈሉት። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አጭሩን ቁጥር አንድ ቀን እንኳ በቃሏ አላለችውም።

*

ሰኞ ከድጃ ጋሽ እንድሪስ የሰጧትን የማካፈያ ወረቀት ይዛ የነዋሪዎች ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ረድኤት ትባላለች፤ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው።

«ነፍስ ይማር እትዬ። ሟች ስንት ነበሩ?»

«አንድ ሚሊዮን አንድ።»

ረድኤት ጻፈች። ጠበቀች። እንደገና ጻፈች።

«እትዬ፣ ቤቱ ሦስት ሰው አለበት ይለኛል።»

«አንድ ሰው ነው ያለው። እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ አሉ። ይኸው፣ አንድ ሚሊዮን ሠላሳ ሦስት። አንድ መቶ አንድ ግን ማን ናት?»

«ምን?»

«ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድስ?»

ከድጃ ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ሌላ ሰው እየተጠየቀ መስሏት። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ረድኤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት። ቢሮው እስካለፈው ዓመት ድረስ ያባዛና ያካፍል ነበር እንጂ ቁጥር ፈቶ አያውቅም። ዘንድሮ አዲስ መሣሪያ መጣ። አዲሱ ሞት ወይም ልደት የተነገረበትን እያንዳንዱን የቤት ቁጥር እስከ መጨረሻው ይፈታል፣ ስንት ብቸኛ ቁጥር እንዳገኘ ይቆጥራል፣ ያገኘውን ያህል ሰው አለ ይላል። 1,000,001 ደግሞ ብቸኛ አይደለም። አንድ መቶ አንድ ሲባዛ በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ነው። ትእዛዙ ሳይመጣ የተሰጠ የመጀመሪያው ቁጥር መሆኑን ሥልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለም። መልኩም አያስጠረጥርም።

«እናቴ ናት» አለች ከድጃ።

«የትኛዋ?»

ከድጃ የጋሽ እንድሪስን ወረቀት በመስኮቱ ገፋ አደረገችላት።

«አይቆጡኝ እትዬ፣ እኔ እንደሚለኝ ነው የምልዎት። አንድ ሚሊዮን አንድ የሚባል ሰው አላውቅም ይላል፤ ስለዚህ ሊሞት አይችልም። ሁለቱ ደግሞ የመቃብር ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ አሉ።»

«ቤቱስ?»

«የሦስት ሰው ቤት ነዋ። ማን ይነካዎታል?» ረድኤት ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «እኔ ብሆን ዝም እላለሁ። ብቻ ያልተመዘገቡ ነዋሪዎች ናቸው፤ አርባ ቀን ሳይሞላ ቅጻቸውን ልሞላ ቤት እመጣለሁ።»

ከድጃ ወደ ቤቷ ስትመለስ የቦርከናን ድልድይ እንዴት እንደተሻገረች አታስታውስም። ግቢ ገብታ ዘይቱኑ ሥር ተቀመጠች። አልቅሳ ይሁን ስቃ ለራሷም አልለየላትም።

*

በማግስቱ ጠዋት የዳቦው መስኮት ሦስት ዳቦ አቀረበ። የውሃው ቆጣሪ ለሦስት ሰው ለቀቀ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ እንደ ልማዱ ተናገረ።

«አንድ መቶ አንድ አልገባችም። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ አልገባችም። ልቆልፍ ወይስ ልጠብቅ?»

«ቆልፍ» አለች ከድጃ።

መሣሪያው ዕድሜያቸውን አያውቅም። ስለዚህ ትንሿን አዲስ የተወለደች አድርጎ ያዛትና በሁለተኛው ሳምንት የክትባት ጥሪ ላከላት። ትልቋን ለቅዳሜ የቦይ ጠረጋ መደባት። ቅዳሜ ትልቋ ቀረች። እሑድ «ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ለምን ቀሩ?» የሚል መልእክት መጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከድጃ አካፋ ይዛ ሄደች፣ እስከ ቀትር ጭቃ ስትዝቅ ቆየች፣ በ9,901 ፈረመች። ማንም አልጠየቃትም። ወገቧን እያሸች ስትመለስ እናቷ እንደዚህ ወገቧን ይዛ ከፋብሪካ የምትመለስበት መንገድ ላይ መሆኗን አስተዋለች።

የተረፈውን ዳቦ በአጥር የምትወስድላት ጎረቤቷ ዘሀራ ነበረች።

«ዛሬም እንግዶችሽ አልበሉም?» አለቻት ዘሀራ።

«ጾመኞች ናቸው።»

«አንቺ፣ ጂን ነው እንዴ የምታስተዳድሪው?»

«ጂን ቢሆን ዳቦውን ላንቺ ይተውልሽ ነበር?»

ዘሀራ ሳቀች፤ ዳቦውን ግን ቢስሚላህ ብላ ሦስት ጊዜ እፍ አለችበት።

ከድጃ በሦስተኛው ሳምንት በሩን «ጠብቅ» ማለት ጀመረች። ለምን እንዳለችው አታውቅም። በሩ ሩብ ሰዓት ጠብቆ እንደገና ይጠይቃል። በዚያች ሩብ ሰዓት ቤቱ ለየት ይላል፤ ሰው ሊመጣበት ያለ ቤት ይሆናል። ከድጃ ወንበሩን ታስተካክላለች፣ መብራት ታበራለች።

ቀስ በቀስ ሁለቱ መልክ ያዙ። አንድ መቶ አንድ በፌስታል ቲማቲም ይዛ የተሰለፈችው ልጅ ሆነች። ጠዋት የምትመጣው እሷ ናት። ቀልደኛ ናት፤ ከድጃ ልጅቷን እንደ ታናሽ እህት «ተነሺ እንጂ፣ ረፈደ» ትላታለች። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ የማታዋ ሆነች። በመጨረሻው ዓመት መስኮቱ ሥር ተኝታ ከድጃን በሟች እህቷ ስም ትጠራ የነበረችው አሮጊት ናት። ከድጃ ለእሷ ብርድ ልብሱን እግርጌ ታጥፍላታለች። ሁለቱ አይገናኙም። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ሄዳለች።

የማይመች ኑሮ አልነበረም። ከድጃ ፋብሪካ ውስጥ ክሩን ስትመረምር ጣቶቿ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ልቧ ቤት ነው። አንድ ቀን ግን እናቷ እሷን ትምህርት ቤት ስትወስዳት ምን ዓይነት ጫማ ታደርግ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረችና እምቢ አላት። የመጣላት የልጅቷ ነጠላ ጫማ ነው። ከዚያ የአሮጊቷ የጨርቅ ጫማ መጣ። ሌላ አልመጣም።

*

በሠላሳኛው ቀን ጋሽ እንድሪስ መጡ። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የእናትሽ የመዝጊያ ወረቀት ከቢሮው አልደረሰኝም። አርባዋ አሥር ቀን ቀረው። የቅሬው የሟቾች መዝገብ ላይ ልጽፋት ብዕር ይዤ ቁጭ ብያለሁ።»

ከድጃ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔ አካፍያለሁ። ቀሪ የለም ብለናል። ሰማንያ ሰው ሰምቷል።»

«ያካፈሉትማ ልክ ነው ጋሼ። የተካፈለበት ቁጥር ነው ሁለት የሆነው።»

ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና በግቢው ግድግዳ ላይ 1,000,001ን ጻፉ፤ በአንድ መቶ አንድ ማካፈል ጀመሩ። አንድ ሺህ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ፤ ዘጠና አንድ ቀረ። ዜሮ አወረዱ፤ ዘጠኝ መቶ አሥር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ፤ አንድ ቀረ። ዜሮ አወረዱ፤ አልደረሰም። የመጨረሻዋን አንድ አወረዱ፤ አንድ መቶ አንድ። አንድ ጊዜ።

«ቀሪ?» አሉ ከልማድ። ከከድጃ በቀር ሰው አልነበረም።

ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው ቁጥር ሳካፍል ኖሬ ቁጥሩ ራሱ ይካፈል እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁም» አሉ። «በይ እንግዲህ ስሚኝ። ካልተዘጋች በአርባዋ ስሟን ከሟቾቹ ጋር አላነብም። በሕይወት ያለ ሰው በዚያ መዝገብ ተነቦ አያውቅም።»

«ከተዘጋች ቤቱ ይሄዳል።»

«ይሄዳል።»

«እና ምን ላድርግ ጋሼ?»

ጋሽ እንድሪስ ባርኔጣቸውን ደፉ። «እኔ ማካፈል ነው የማውቀው። ይሄ ማካፈል አይደለም» ብለው ወጡ።

*

ረድኤት በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጠዋት መጣች። ያልተመዘገበ ሰው መሣሪያው ውስጥ ስለማይገባ ቅጹ የወረቀት ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ከድጃ ሌሊቱን ሁሉንም አስባ ተዘጋጅታ ነበር፤ መልሶቿን ሳትደነቃቀፍ ሰጠች።

«የአንድ መቶ አንድ ስም?»

«ዘሙ።» አባቷ እናቷን በቁልምጫ የሚጠራት እንዲህ ነበር።

«ዕድሜ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ልዩ ምልክት?»

«ቲማቲም ይዛለች።»

ረድኤት ቀና አለች። «እትዬ፣ ቲማቲም ልዩ ምልክት አይሆንም።»

«ፈገግ ስትል ግራ ጉንጯ ብቻ ይሰረጉዳል።»

«እሱ ይሆናል። የዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድስ?»

«ዘምዘም። ሰማንያ ሁለት። ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ስትቀመጥ ሁለቱንም ጉልበቷን ትይዛለች።»

ረድኤት ሁሉንም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈች። ገጹን ገለበጠች። «ሁለተኛው ገጽ አጭር ነው፤ ዝምድና ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት እናት ከነዋሪዎቹ የትኛዋ ናት ይላል። የትኛዋን ልበል?»

ከድጃ የተጻፉትን ሁለት ስሞች አየቻቸው።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ገና አልወለደችም ነበር። ከከድጃ አባት ጋር እንኳ ገና ስለ ዘይት ነበር የሚያወሩት። አሮጊቷ ደግሞ የከድጃን ስም ረስታ ነበር የሄደችው። በሁለቱ መካከል ጎርፍ የሞላበትን ቦይ ከድጃን አዝላ፣ ጫማዋን በጥርሷ ነክሳ የተሻገረች ሴት ነበረች። ከፋብሪካ ስትመለስ የጥጥ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ተጣብቆ ከድጃ ጭኗ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ትለቅምላት ነበር። ከድጃ ትምህርት አቆማለሁ ባለች ቀን በጥፊ መትታት፣ ከዚያ ጓሮ ገብታ ራሷ ያለቀሰች ሴት ነበረች። ያ ሁሉ ሥልሳ ዓመት ነው። ለአንዷም አልደረሰም።

«የመካከሏን የት ትጽፊያታለሽ?» አለች ከድጃ።

«የምን የመካከሏን?»

«ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሰማንያ ሁለት ያለችውን።»

ረድኤት ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የምር ፈልጋ ነው ያየችው። «ቦታ የለውም እትዬ።»

«ብዕሩን አምጪው እስቲ።»

ከድጃ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። ባዶ ኅዳጉ ላይ 9,901 ብላ ጻፈች። ከሥሩ 101። መስመር አሰመረች። በእጇ ካባዛች አርባ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ እናቷ አጠገቧ ቆማ ትሰማት ስለነበር ጮክ ማለቱን አልተወችውም።

«አንድ ጊዜ፣ 9,901። ዜሮ ጊዜ፣ ዜሮ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ቤት ገባ ብሎ፣ 9,901።»

ደመረች።

«አንድ። ዜሮ። ዘጠኝና አንድ አሥር፤ ዜሮ ጽፌ አንድ በእጄ። ዘጠኝና በእጄ ያለው አንድ አሥር፤ ዜሮ ጽፌ አንድ በእጄ።» ዜሮዎቹን ጎን ለጎን ጻፈች። «ዘጠኝና አንድ አሥር፤ ዜሮ ጽፌ አንድ በእጄ። ዘጠኝና አንድ አሥር፤ ዜሮ። አንድ በእጄ።»

የሚደመርበት ሌላ አሃዝ አልነበረም። በእጇ የቀረችውን አንድ ከሁሉም ፊት አስቀመጠቻት።

1,000,001።

«እናቴ ይቺ ናት» አለች። «አንድ ሰው ናት። ዝጊያት።»

ረድኤት ብዕሩን አልተቀበለችም። «እትዬ፣ ቤቱ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«ይቅደዱት። አላየሁም። ወላሂ ሌላ ቅጽ አለኝ፣ እንደ አዲስ እንሞላለን፤ ‹አይታወቅም› ብዬ እጽፋለሁ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።»

«አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ እንዴ? ወላሂ ትያለሽ?»

«ኮምቦልቻ ነው ያደግሁት፤ ምን ላድርግ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ከድጃ ብዕሩን ረድኤት መዳፍ ውስጥ አስገብታ ጣቶቿን ራሷ አጠፈችላት።

«ይህን ሁሉ ቀን አንዷን ሳወጣ ሌላዋን ሳስገባ እሷን ልረሳት ነበር» አለች። «ጻፊ የኔ ልጅ። ጋሽ እንድሪስ ብዕር ይዘው ይጠብቃሉ።»

ረድኤት ጻፈች። በሁለቱ ስሞች ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሳለፈች፤ ከድጃ ባባዛችው ቁጥር አጠገብ ፈረመችና ማኅተሙን መታች። ማኅተሙን ስትመልስ የከድጃን ፊት ላለማየት ቦርሳዋን ደጋግማ በረበረች።

«ለመልቀቅ ስንት ቀን ይበቃዎታል?»

ከድጃ ቤቱን ዞር ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አልወሰደባትም።

«እስከ ማክሰኞ» አለች። «ማክሰኞ ውሃ ይለቀቃል። ወለሉን አጥቤ ነው የማስረክባችሁ።»